የደሴት መብራት ማማን በበጎ ፈቃድ መጠበቅ፦ እንግዳ ለምትቀበሉ ዝርዝር መመሪያ

መብራቱን የሚያበራው ማሽን ነው። ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው "የመብራት ማማ ጠባቂ" ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ፋኖስ ሲያስተካክል የሚያድር ሰው ነው የሚታየው። ያ ሥራ ቀስ በቀስ ነው የቀረው። ስዊድናዊው ጉስታፍ ዳሌን ፀሐይ ስትወጣ የመብራቱን ጋዝ የሚዘጋ፣ ሲመሽ ደግሞ ራሱ የሚከፍት ቫልቭ በ1907 ሠራ (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1912 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ማማዎቹ አንድ በአንድ ያለ ሰው መሥራት ጀመሩ። በብሪታንያ ጠባቂ የነበረው የመጨረሻው ማማ፣ ኖርዝ ፎርላንድ፣ በ1998 አውቶማቲክ ሆነ።

መብራቱ ሰው ባያስፈልገውም ቤቱ ግን ያስፈልገዋል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ደረጃው ይዝጋል፣ ሣሩ መንገዱን ይውጣል። ሰዎችም ማየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በብዙ አገር ደሴቶች ላይ በጎ ፈቃደኞች ለሳምንት ወይም ለወራት እየኖሩ ቦታውን ይጠብቃሉ፣ በጀልባ የሚመጣውን እንግዳ ይቀበላሉ። ይህ መመሪያ ለእነሱ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ደሴት ላይ ቀናችሁን የሚመራው ሰዓት ሳይሆን ጀልባ ነው። የእናንተ ዋና ሥራ እንግዳውን ከጀልባ ተቀብሎ፣ ማማው ጫፍ አውጥቶ፣ በሰላም መልሶ ማሳፈር ነው። የቀረው ሁሉ ለዚህ የሚደረግ ዝግጅት ነው።

ከማመልከታችሁ በፊት፦ ቦታውን ለዩ

ሁሉም ደሴት አንድ አይደለም። ከታዝማኒያ በስተደቡብ ያለችውን የማትሳይከር ደሴት ውሰዱ። ማማዋ በ1891 ሥራ የጀመረ ነው። ሁለት በጎ ፈቃደኞች ለስድስት ወር ያህል ይቆዩባታል። ሥራቸው ሣር ማጨድ፣ ሕንፃ መጠገንና የአየር ሁኔታ መመዝገብ ነው። እንግዳ ብርቅ ነው። ዲል ደሴት ደግሞ በታዝማኒያና በዋናው አውስትራሊያ መካከል ናት፤ ቆይታው ሦስት ወር ገደማ ሲሆን በመርከብ የሚያልፉ ሰዎች ብቅ ይላሉ። በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ባለችው ሮክ ደሴት ያለው የፖታዋቶሚ ማማ ግን ሌላ ነው። ሕንፃው የ1858 ነው፤ ኤሌክትሪክም የቧንቧ ውሃም የለውም። በጎ ፈቃደኞቹ ለሳምንት ይገባሉ፤ ቀኑን ሙሉ ጎብኚ ሲያስተናግዱ ይውላሉ።

ጸጥታ የምትፈልጉ ከሆነ እንደ ፖታዋቶሚ ያለው ቦታ አይሆናችሁም። ሰው የምትወዱ ከሆነ ማትሳይከር ላይ ስድስት ወር ይከብዳል። የትኛው እንደሆናችሁ ለራሳችሁ በሐቅ መልሱ። ይህን ሳይመልሱ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው በሁለተኛው ቀን የሚከፉት።

ለአስተዳዳሪዎቹ የምትጠይቋቸው ጥያቄዎች አሉ። የመጠጥ ውሃ ከየት ነው? በሥራ በሚበዛበት ቀን ስንት እንግዳ ይመጣል? በአንድ ጊዜ ማማው ላይ ስንት ሰው ይፈቀዳል? ማዕበል ቢነሳ ጀልባው አይመጣም ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ሰው ቢጎዳ ማንን ነው የምንጠራው፣ ለመድረስስ ስንት ሰዓት ይፈጅባቸዋል? ኢንሹራንስ አለ? መልሱ "እዚያ ስትደርሱ ታዩታላችሁ" ከሆነ ደግማችሁ ጠይቁ። እነዚህን ነገሮች እዚያ ደርሶ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

አብሯችሁ የሚሄደውን ሰውም አስቡበት። ትንሽ ቤት ውስጥ፣ መውጫ በሌለበት፣ ከአንድ ሰው ጋር ነው የምትከርሙት። ጉልበታችሁንም ፈትኑ። ጠመዝማዛውን ደረጃ በቀን አንድ ጊዜ መውጣት ለማንም ቀላል ነው። እንግዳ በተከታተለ ቁጥር መውጣትና መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። ከመሄዳችሁ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ፎቅ በእግር መውጣት ልመዱ።

ዕቃ ስታዘጋጁ

መርሁ አንድ ነው፦ ራሳችሁ መሸከም የማትችሉትን አትያዙ። ከጀልባው እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ዳገት ነው።

ምግብ ከቆይታችሁ ቢያንስ ጥቂት ቀናት የሚበልጥ ይሁን። ጀልባ ይቀራል፤ ይህ የተለመደ ነው። ደረቅ እህልና የታሸገ ነገር ይብዛ፣ ቶሎ የሚበላሸው ይነስ። ቆሻሻ ይዛችሁ እንደምትመለሱ አትርሱ፤ ስለዚህ ማሸጊያውን እዚያው ቤታችሁ አውልቃችሁ ሂዱ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለሁለት ከፍላችሁ በሁለት ቦርሳ ያዙ። አንዱ ውሃ ቢገባበት ሌላው ይተርፋል። የግንባር ባትሪ፣ ጥሩ መያዣ ያለው ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ በሞቃት ወቅትም ቢሆን የሚሞቅ ሹራብ ያስፈልጋል። ማማው አናት ላይ ነፋሱ አይጣል ነው።

ከማሸጋችሁ በፊት ቦርሳውን ገልብጣችሁ አራግፉ። ካልሲና የጫማ ሶል ላይ የተጣበቀ ዘር ካለ ልቀሙ። አይጥ ወይም ነፍሳት የገባበት ካርቶን አትያዙ። ይህ የማካበድ ጉዳይ አይደለም። በኒው ዚላንድ ስቲቨንስ ደሴት የመብራት ማማ በ1894 ሥራ ጀመረ። ከሰዎቹ ጋር ድመት ገባ። መብረር የማትችል አንዲት ትንሽ ወፍ በዓለም ላይ የቀረችው እዚያች ደሴት ላይ ብቻ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጨርሶ ጠፋች። ደሴት ላይ ያለ ፍጥረት መሸሻ የለውም። የቤት እንስሳ ይዞ መሄድ የተከለከለውም ለዚህ ነው፤ እንግዳ ውሻ ይዞ ሲመጣም ይህን ታሪክ መንገር "ክልክል ነው" ብሎ ከመቆጣት ይሻላል።

ከጀልባ መውረድ

አደጋ የሚበዛው ማማው ላይ ሳይሆን እዚህ ነው። ጀልባው ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ማቆሚያው ግን አይንቀሳቀስም። ሁለት እጃችሁ ባዶ ይሁን። ዕቃው ቀድሞ በእጅ ቅብብል ይውረድ፣ ሰው ይከተል። ጀልባው ከፍ ሲል፣ ካፒቴኑ "አሁን" ሲል ብቻ ነው የሚረገጠው። ካመነታችሁ ቀጣዩን ሞገድ ጠብቁ። እግር ወይም እጅ በጀልባውና በማቆሚያው መካከል ፈጽሞ አይግባ። ጀልባውን በእግራችሁ ገፍታችሁ ለማራቅ አትሞክሩ፤ ብዙ ቶን ይመዝናል።

ይህን በደንብ አጥኑት፤ ከነገ ጀምሮ ለእንግዳ የምትሉት እናንተ ናችሁ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ርክክብ

የሚወጡት ጠባቂዎች ጀልባ ላይ ለመሳፈር ይቸኩላሉ። አትልቀቋቸው። አንድ ሰዓት ብታገኙ እንኳ ቤቱን አብራችሁ ዙሩ፤ ሲያወሩ ጻፉ። የትኛው በር እንደሚያስቸግር፣ ጋዙ የትኛው ሲሊንደር ላይ እንዳለ፣ የመገናኛ ሬዲዮው የት እንደሚሞላ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ውሃው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። በብዙ ደሴት ውሃ የሚገኘው ከጣሪያ ላይ በአሸንዳ ተጠልፎ ታንከር ውስጥ ከሚገባ ዝናብ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያው 80 ካሬ ሜትር ቢሆንና 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር ይሆናል፤ የሚፈሰውንና የሚተነውን ስታነሱ ከዚያ ያንሳል። የታንከሩን መጠን በየማለዳው ለኩና ጻፉ። ደረቅ ሳምንት ሲመጣ መቆጠብ የምትጀምሩት ታንከሩ ከመጉደሉ በፊት ነው።

ጣሪያ ላይ ወፍ ይውላል፤ ኩሷም ከዝናቡ ጋር ይታጠባል። ስለዚህ ከደረቅ ወቅት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ታንከሩ እንዳይገባ አሸንዳውን አዙሩት። የመጠጥ ውሃ የሚፈላ ከሆነ እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ግን ሁሉንም አያነጻም። የቆየ ማማና ቤት ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም ተቀብቷል፤ እርሳስ በእሳት አይጠፋም። የጣሪያው ውሃ ተመርምሮ ለመጠጥ ካልተፈቀደ የምትጠጡትን ከውጭ አስመጡ። የሚላጥ ቀለም ካያችሁም አትፈቅፍቁት፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትሹት። አስተዳዳሪዎቹን ንገሩ። እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ።

ስለ ሜርኩሪም ላንሳ፤ ፈሳሽ፣ መርዛማ ብረት ነው። የመብራቱን ብርሃን ወደ ሩቅ የሚልኩት ትልልቆቹ ሌንሶች በቀላሉ እንዲሽከረከሩ በሜርኩሪ ገንዳ ላይ ይንሳፈፉ ነበር። ከአብዛኛው ቦታ ተነሥቷል፤ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት ግን አይደለም። የመብራቱ ክፍል ወለል ላይ ብርማ ጠብታ ካያችሁ አትንኩ፣ አትጥረጉ። ውጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ደውሉ።

ከዚያ ሬዲዮውን ሞክሩ። በባሕር ላይ ዓለም አቀፉ የአደጋ ጊዜ መጥሪያ በቪኤችኤፍ (የመርከብ መገናኛ ሬዲዮ) ቻናል 16 ነው። ሐይቅ ላይ ከሆናችሁ በአካባቢው የሚሠራበትን አጣሩ። የደሴቱን ስምና ትክክለኛ አቀማመጥ በትልቁ ጽፋችሁ ሬዲዮው አጠገብ ለጥፉ። ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውን ይረሳል።

ማለዳ፦ ጀልባው ከመምጣቱ በፊት

የጠዋት ሥራ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ማማው አናት ውጡ። የመብራቱ ክፍል በመስታወት የታጠረ ስለሆነ ሌሊት በብርሃኑ የተሳቡ ነፍሳት ሞተው ይከማቻሉ። በለስላሳ ብሩሽ ሰብስቡ። ከዚያ ደረጃውን እየጠረጋችሁ ውረዱ። መጥረጊያው ሰበብ ነው፤ ዋናው ማየት ነው። እያንዳንዱን ደረጃ እርገጡ፣ መደገፊያውን ያዙና ነቅንቁ። የላላ ብሎን፣ የረጠበ ቦታ፣ አዲስ ስንጥቅ ካለ ያኔ ነው የሚታየው።

መስታወቱን ስታጸዱ አንድ ነገር አደራ። የባሕር ነፋስ መስታወቱ ላይ ጨው ይጋግራል። በደረቅ ጨርቅ ብታሹት የጨው ቅንጣቱ መስታወቱን ይጭረዋል። በጣታችሁ ጫፍ ብትነኩት እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ አርጥባችሁ ጨው እስኪሟሟ ጠብቁ፣ አፍስሱት፣ ከዚያ ክር በማይለቅ ጨርቅ አድርቁ። የውጭውን ገጽ ለማጽዳት በማማው አናት ዙሪያ ያለው በረንዳ ላይ ወጥታችሁ መሰላል መጠቀም ካስፈለገ ያለ ፈቃድና ያለ መታጠቂያ አትሞክሩት።

ሌንሱ ጥንታዊ ከሆነ ደግሞ ሥራችሁ አለመንካት ነው። የጣት ቅባት መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ ቀለበትና የቀበቶ ዘለበት ይጭራል። የድሮ ጠባቂዎች ሌንሱን ሲወለውሉ ልብሳቸው እንዳይጭረው የተልባ እግር ሽርጥ ይለብሱ ነበር። ዛሬ ማጽዳቱ የባለሙያ ነው፤ የእናንተ ድርሻ እንግዳው እንዳይነካው መጠበቅ ነው። ቀን ቀን መጋረጃ የሚጋረድ ከሆነ አትግፈፉት። ሌንሱ ብርሃንን ወደ ውጭ እንደሚልክ ሁሉ ፀሐይንም ወደ ውስጥ ሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋታል፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

መጸዳጃ ቤቱን ከሁሉ በኋላ፣ ጀልባው ሊደርስ ሲል አጽዱ። እንግዳ ከጀልባ እንደወረደ ቀድሞ የሚሄደው እዚያ ነው።

እንግዳ መቀበል

ጀልባው ሲቃረብ ማቆሚያው ላይ ቁሙ። ቤት ሆኖ መጠበቅ አያምርም፣ አይጠቅምምም። ሰው ከተበተነ በኋላ ሰብስቦ መመሪያ መስጠት አይቻልም። እዚያው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ አራት ነገር ብቻ ንገሩ፦ የመጨረሻው ጀልባ የሚነሳበት ሰዓት፣ መጸዳጃው የት እንደሆነ፣ ከመንገዱ መውጣት ለምን እንደማይቻል፣ ማማው ላይ የሚወጣው በተራ መሆኑን። የማማውን ታሪክ እዚያ አትጀምሩ። ግማሹ ሰው ማዕበሉ አዙሮት ነው የሚወርደው። እሱ የሚፈልገው መቀመጫና ውሃ ነው።

"ከመንገድ አትውጡ" ስትሉ ምክንያቱን አብራችሁ ተናገሩ። መሬት ውስጥ ጎጆ የሚቆፍሩ የባሕር ወፎች አሉ። ማትሳይከር ላይ በብዛት የሚገኙት እንደዚያ ያሉ ናቸው። ሰው ከላይ ሲረግጥ ጎጆው ጫጩቱ ላይ ይደረመሳል። ይህን የሰማ ሰው መንገዱን አይለቅም። በመራቢያ ወቅት አንዳንድ ወፎች የሰው አናት ላይ ይወርዳሉ። የሚያነጣጥሩት ከፍ ብሎ የሚታየውን ነው፤ ስለዚህ ለእንግዳው ከራሱ በላይ የሚይዘው አንድ ዘንግ ስጡት። ወፏ ዘንጉን ትመታለች፣ ሰውየው ይተርፋል።

የሽማግሌና የልጅ ነገር ልብ በሉ። ጉልበቱ የማይችል አዛውንት ቡድኑ ሲወጣ ብቻውን ታች ይቀራል። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቅና የሚጠይቅ ነው። አንዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ፣ የድሮ ፎቶዎችን አሳዩት። ከላይ የተነሳ ቪዲዮ ካላችሁ ደግሞ አያምልጠው።

ደረጃው ላይ

ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይሁን። ሁለታችሁም ላይ ከሆናችሁ በሩን ማንም ይገባል። ብቻችሁን ከሆናችሁ እስክትመለሱ በሩን ዝጉ።

ቦርሳ ታች ይቀራል። ጠባብ ደረጃ ላይ የጀርባ ቦርሳ ኋላ ያለውን ሰው ፊት ይመታል። ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው አይወጣም፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ስልክ ኪስ ውስጥ ይግባ፣ አንድ እጅ ሁልጊዜ መደገፊያው ላይ ይሁን። ልጅ ያዘለ ወይም ያቀፈ ሰው ካለ የቦታውን ደንብ ተከተሉ፤ ደንብ ከሌለ አትፍቀዱ።

ከመውጣታቸው በፊት ቁጠሩ። ሲወርዱም ቁጠሩ። ቁጥሩ እኩል ካልሆነ ቀጣዩ ቡድን አይገባም።

ሁለት ቡድን ደረጃው ላይ መገናኘት የለበትም። የሚወርደው ወርዶ ሲያልቅ የሚወጣው ይጀምር። በየማረፊያው ቆም በሉ። አንድ ነገር እያሳያችሁ ቁሙ፤ መስኮቱ ለምን ጠባብ እንደሆነ፣ ግድግዳው ታች ምን ያህል እንደሚወፍር። ያለከለከ ሰው ሳያፍር ትንፋሹን ይመልሳል። የመጨረሻው መውጫ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ መሰላልና ወለል ላይ የተከፈተ በር ነው። ሲወጡ ራስ እንዳይመታ አስጠንቅቁ። ሲወርዱ ፊታቸውን ወደ መሰላሉ አድርገው ነው የሚወርዱት፤ አብዛኛው ሰው ግን ጀርባውን ሰጥቶ ሊወርድ ይሞክራል። አንዳችሁ ቀድማችሁ ወርዳችሁ "ቀኝ እግር፣ እዚህ ጋ" እያላችሁ ምሩ።

ፍርሃት የሚይዘው ሰው አለ። ደረጃው መሃል ላይ ደርሶ ይደርቃል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። "አይዞህ፣ ምንም አይደለም" ብላችሁ አትጎትቱት። ኋላው ያለውን ሰው ወደ ማረፊያው መልሱ። እሱን ግድግዳው በኩል አስቁሙት፣ ዓይኑን ፊቱ ባለው ደረጃ ላይ ያድርግ፣ ቀስ ብሎ ይተንፍስ። ከዚያ "መውጣት ትፈልጋለህ ወይስ መውረድ?" ብላችሁ ጠይቁት። ምርጫውን ራሱ ሲወስን እግሩ ይፈታል።

አናት ላይ ምን ይወራል?

ትንሽ። ይህን ስል ከልቤ ነው። ሰው ያን ሁሉ ደረጃ የወጣው ባሕሩን ለማየት ነው። በረንዳው ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ዝም በሉና ይይ። ከዚያ የሚጠይቀውን መልሱ።

ሁሌም የሚመጣው ጥያቄ "እስከ የት ይታያል?" ነው። ሒሳቡን ያዙ፦ የዓይናችሁን ከፍታ በሜትር ውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ3.57 አባዙ። የምታገኙት በኪሎ ሜትር እስከ አድማስ ያለው ርቀት ነው። ዓይናችሁ ከባሕር ወለል 25 ሜትር ላይ ከሆነ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መርከቡ ራሱ ከፍ ያለ ስለሆነ መብራቱን ከዚያም ርቆ ያየዋል። ልጆች ይህን ሒሳብ ሲሠሩ ደስ ይላቸዋል፤ ወረቀትና እርሳስ አስቀምጡላቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ሌንሱ ነው። ፈረንሳዊው ኦጉስተን ፍሬኔል የፈታው ችግር ይህ ነው፦ አንድ ትልቅ ሌንስ እንዳለ ቢሠራ እጅግ ወፍራምና ከባድ ይሆናል፣ ብርሃኑንም ይውጠዋል። እሱ ሌንሱን በቀለበት ቀለበት ከፋፈለው፤ የሚያስፈልገውን ጠርዝ ብቻ አስቀርቶ ውፍረቱን አስወገደ። ከኋላ የመጡት ሌንሶች ላይና ታች ደግሞ ወደ ሰማይና ወደ መሬት የሚባክነውን ብርሃን ወደ አድማስ የሚመልሱ የመስታወት ቁራጮች አሏቸው። የመጀመሪያው ሌንሱ በ1823 ፈረንሳይ ውስጥ ኮርዱዋን ማማ ላይ በራ። ሌንሶቹ በደረጃ ይከፈላሉ። የአንደኛ ደረጃው ከመብራቱ እስከ መስታወቱ ያለው ርቀት 92 ሴንቲ ሜትር፣ የአራተኛው 25፣ የስድስተኛው 15 ነው። አንደኛው ለውቅያኖስ ዳርቻ፣ ትንሹ ለወደብ መግቢያ። የእናንተ ማማ ስንተኛ እንደሆነ ሳታውቁ እንግዳ አትቀበሉ።

የብልጭታውንም ነገር አስረዱ። ማማዎች እንዳይምታቱ እያንዳንዱ በአካባቢው ካሉት የተለየ ስልት አለው፤ መርከበኛው በሴኮንድ ቆጥሮ በካርታው ላይ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ቀን ቀን ደግሞ የሚለየው ቀለሙ ነው። በአሜሪካ ኬፕ ሃተራስ ያለው ማማ በጥቁርና ነጭ ጥምዝ መስመር የተቀባው ለጌጥ አይደለም።

የሙት መንፈስ ጥያቄም አይቀርም። በታኅሣሥ 1900 በስኮትላንድ ፍላነን ደሴቶች ሦስት ጠባቂዎች እንደጠፉ የሰማ ሰው ይጠይቃችኋል። እውነቱን ንገሩ፦ ሦስት ሰዎች ጠፉ፣ አልተገኙም። ከዚያ በላይ አትጨምሩ፤ ቤተሰብ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ብሆን ወሬውን ወደ ኖሩት እመልሰዋለሁ። ግሬስ ዳርሊንግ የጠባቂ ልጅ ነበረች። በመስከረም 1838 ፎርፋርሺር የተባለው መርከብ በእንግሊዝ ፋርን ደሴቶች ሲሰበር ከአባቷ ጋር በትንሽ ጀልባ ቀዝፋ የተረፉትን አወጣች። አይዳ ሉዊስ ደግሞ በአሜሪካ ላይም ሮክ በ1879 በስሟ የጠባቂነት ሹመት አገኘች፤ ሥራውን ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት ሠርታዋለች። የራሳችሁ ማማ መዝገብ ውስጥም እንደዚህ ያሉ ስሞች ይኖራሉ። ማታ ማታ አንብቡ።

የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ "አላውቅም" በሉ፤ ጥያቄውንም ጻፉት። አንዴ የፈጠራችሁት መልስ ከሚቀጥለው ጠባቂ አፍ እንደ ታሪክ ይወጣል።

ነገር ሲበላሽ

ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ሰው ወዲያው ከበረንዳው ይውረድ፣ ማማውም ይዘጋ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይከፈትም። "ሩቅ ነው እኮ" የሚል ሰው አይጠፋም። አትከራከሩ፤ በሩን ቆልፉ።

በሞቃት ቀን የመብራቱ ክፍል ፀሐይ ያጠምዳል፣ ቶሎ ይግላል። ቡድኑን አሳንሱ፣ ቆይታውን አሳጥሩ። ሰው ቢወድቅ ወይም ደረቱን ቢያመው አንዳችሁ ከሕመምተኛው ጋር፣ አንዳችሁ ሬዲዮው ጋ። ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ "ሜይዴይ" ሦስት ጊዜ ብላችሁ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳላችሁ፣ ምን እንደደረሰ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ ተናገሩ። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። የቀሩትን እንግዶች ሥራ ስጧቸው፤ አንዱ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ጀልባ ይጠብቅ፣ ሌላው መንገዱን ያስለቅቅ።

ጀልባ ያመለጠው ወይም በማዕበል የቀረ እንግዳ ካለ የእናንተ እንግዳ ሆነ ማለት ነው። ብርድ ልብስና ደረቅ ምግብ ለዚህ ተብሎ ተለይቶ ይቀመጥ። ለካፒቴኑ ስንት ሰው እንደቀረ አሳውቁ። ባለ ግል ጀልባ "እኔ ልውሰዳቸው" ቢል በማዕበል ውስጥ አትፍቀዱ። አንድ ሌሊት ተጣቦ ማደር ማንንም አይገድልም።

የመጨረሻው ጀልባ ከሄደ በኋላ

ማቆሚያው ላይ ሰው ቆጥራችሁ አሳፍሩ። ከዚያ መንገዱን አንዴ ዙሩ፤ የተረሳ ኮት፣ የወደቀ ላስቲክ፣ አንዳንዴም እንቅልፍ የወሰደው ሰው ይገኛል። ማማውን ቆልፉ። የመዋጮ ሣጥን ካለ ሁለታችሁም ባላችሁበት ቁጠሩና ፈርሙ።

መዝገቡን ሳትደክሙ ጻፉ፤ ራት ከተበላ በኋላ አይጻፍም። የአየር ሁኔታ፣ የእንግዳ ብዛት፣ የውሃ መጠን፣ የተበላሸ ነገር፣ ያያችኋቸው ወፎች። ስሜታችሁን ሳይሆን ነገሩን ጻፉ። "ደረጃው ያስፈራል" ለማንም አይረዳም። "ከታች 14ኛው ደረጃ፣ በግራ ያለው ብሎን ላልቷል" ግን ይጠገናል።

አብሯችሁ ካለው ሰው ጋር ፈረቃ ተቀያየሩ፤ ዛሬ ማማ ላይ የዋለ ነገ ማቆሚያው ላይ ይዋል። በየቀኑ ለየብቻችሁ የምትሆኑበት ጊዜ ይኑር። ቀኑን ሙሉ ለእንግዳ ፈገግ ያለ ሰው ማታ ዝም ቢል ተቆጥቶ አይደለም። የተከፋችሁበት ነገር ካለ ግን ሳያድር አውሩት፤ ደሴት ላይ ኩርፊያ ቦታ ይጠበዋል።

ስትወጡ

ከመውጫችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ለሚተኩት ሁለት ገጽ ጻፉ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አሁን ያለው ሁኔታ ይሁን፦ ታንከሩ ስንት ሊትር አለው፣ ጋዙ መቼ ተቀየረ፣ የትኛው ቁልፍ የቱን ይከፍታል፣ ምን ተሰብሯል፣ ለማን ተነግሯል። በሁለተኛው ላይ እንግዶች የጠየቋችሁና መልስ ያጣችሁለትን ጥያቄ አስፍሩ፤ መልሱን ያገኛችሁለት ካለ ከነምንጩ ጻፉ።

አንሶላ አንሡ፣ ፍሪጅ ካለ ባዶ አድርጉ፣ የራሳችሁን ቆሻሻ አሽጋችሁ ማቆሚያው ላይ አድርሱ። የተረፈ ምግብ የምትተዉ ከሆነ ያልተከፈተና ቀኑ የተጻፈበት ብቻ ይሁን፤ በክዳን ይዘጋ፣ አይጥ እንዳይደርስበት። አዲሶቹ ሲወርዱ ዕቃቸውን ተቀበሉ፣ ደረጃውን እስከ አናት አብራችኋቸው ውጡ፣ ታንከሩን አብራችሁ ለኩ። ቁልፉን ስጧቸው። ሬዲዮውን ግን በመጨረሻ፣ ጀልባው ሲደርስ፣ አንድ ጊዜ አብራችሁ ከሞከራችሁት በኋላ አስረክቡ።